ኅዳጉ ላይ የነበሩት ቀይ ነጥቦች

ገና ሥራ መጀመሬ ነበር። የተቀጠርኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአንድ መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት። አሥራ አንድ መዝገቦች ነበሩ። ወፍራም፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ በእጅ ጽሑፍ የተሞሉ። በየመደርደሪያው ደግሞ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍባቸው ቢን ካርዶች ተንጠልጥለዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው አንጋፋ ሰው ናቸው። የመዝገቡን አብዛኛውን ክፍል የጻፉት እሳቸው ነበሩ።

ስክሪኑ የሚጠይቀኝ አምስት ነገር ነው። የዕቃው ቁጥር፣ ስም፣ ብዛት፣ የገባበት ቀን፣ የተቀመጠበት መደርደሪያ። መዝገቡ ላይ ግን ስድስተኛ ነገር ነበር። ኅዳጉ ላይ በቀይ እርሳስ የተደረጉ ትንንሽ ምልክቶች። አንዱ ጋ ነጥብ፣ አንዱ ጋ ሁለት ነጥብ፣ ሌላው ጋ ወደ ታች የምታይ ቀስት። ምን እንደሆኑ ጋሼን ጠየቅኳቸው።

"እሱ የራሴ ነው፤ ዝለለው" አሉኝ።

ዘለልኩት። የምሞላበት ቦታም አልነበረም።

ሥራው በሁለት ወር ተኩል አለቀ። አለቆቹ ደስ አላቸው። ቀድሞ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ፍለጋ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ጀመር። ጋሼም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ የጥገና ክፍል አንድ ኩሽኔታ ጠየቀ። ስክሪኑ አራት እንዳለ አሳየ። አንዱ ወጣ፣ ትልቁ ማሽን ላይ ተገጠመ። በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ። ማሽኑም ሁለት ቀን ሙሉ ቆመ።

አሮጌውን መዝገብ ገልጬ አየሁ። ከዚያ ኩሽኔታ አጠገብ ሁለት ቀይ ነጥቦች አሉ። ጋሼ ጋ ደወልኩ።

"ሁለት ነጥብ ማለት ለከባድ ጭነት አይሆንም ማለት ነው" አሉኝ። "ቁጥሩ አንድ ነው፤ ግን የመጣው ከሌላ አምራች ነው። እኔ ለትንሹ ማሽን ብቻ ነበር የምሰጠው።"

ታዲያ ለምን ዝለለው አሉኝ? ይህን ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉ። ኮምፒውተሩ ከእሳቸው የተሻለ ያውቃል ብለው አስበው ነበር። ያቺ የእርሳስ ምልክት እንዲያውም አሳፍራቸው ነበር።

ማንም እኔን አልወቀሰኝም። ስክሪኑ ልክ ነበር። አራት ኩሽኔታ ነበር፣ አራት አለ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸው ነው፤ አንድም ስህተት ሳንሠራ ነው የተሳሳትነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት ገብቻለሁ። ሥራዬ ያው ነው፤ ከወረቀት ወደ ስክሪን ማሸጋገር። ስሙ ግን አድጓል። ዛሬ "ዲጂታል ሽግግር" ይባላል። እኔም አምንበታለሁ። መዝገብ ሲጠፋ፣ ፋይል ውሃ ገብቶበት ሲበሰብስ፣ ሰው ለአንድ ወረቀት ሦስት ቀን ሲመላለስ አይቻለሁ። ወደዚያ እንድንመለስ አልመኝም። የነጥቦቹ ነገር ግን አልለቀቀኝም። አንድ ሥራ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፣ ስክሪኑ ቦታ የሰጠው ነገር እውነት ይሆናል። ቦታ ያጣው ነገር ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለ ንግድም፣ ስለ ሥራም፣ ስለ ኅብረተሰብም ሳስብ ዞሬ ዞሬ እዚሁ ላይ እደርሳለሁ።

ነገሩ የቆየ መሆኑ የገባኝ ስለ ኤሌክትሪክ ሳነብ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የቶማስ ኤዲሰን ሰዎች በለንደንና በኒው ዮርክ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን ሥራ ያስጀመሩት በ1882 ነው። ያኔ ብዙ ፋብሪካ የሚንቀሳቀሰው በእንፋሎት ነበር። አንድ ትልቅ ሞተር አለ። ከእሱ ተነስቶ ረጅም የብረት ዘንግ ከጣሪያው ሥር ይዘረጋል። እያንዳንዱ ማሽን ከዘንጉ ጋር በቺንጋ ይያያዛል። ዘንጉ ሲዞር ሁሉም ይዞራል፣ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ማሽኖቹ የሚደረደሩትም ለዘንጉ እንዲመች ነው። ሥራው በየት ጀምሮ በየት ያልቃል የሚለው ሁለተኛ ነገር ነበር።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ባለፋብሪካዎቹ የእንፋሎት ሞተሩን አነሱ። በቦታው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉ። ዘንጉን አልነኩትም። ቺንጋውም እንዳለ ቀረ። ጥቅሙም ያን ያህል አልነበረም። ነገሩ በደንብ የተለወጠው በ1920ዎቹ ነው፤ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ። እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ትንሽ ሞተር አገኘ። ዘንጉ ከጣሪያው ወረደ፣ ከላይ ብርሃን ገባ። ፋብሪካው ፎቅ መደራረቡን ትቶ ወደ ጎን ሰፋ። ማሽኖቹ ዕቃው የሚሄድበትን መንገድ ተከትለው ተደረደሩ።

ይህን ታሪክ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘው የምጣኔ ሀብት ታሪክ ተመራማሪው ፖል ዴቪድ ነው፤ በ1990። ከእሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎው አንድ አስገራሚ ነገር ጽፎ ነበር። የኮምፒውተር ዘመን በየቦታው ይታያል፤ የምርታማነት አኃዝ ውስጥ ግን አይታይም አለ። የዴቪድን መልስ እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ ሞተሩን ቀይረናል፤ ዘንጉ ግን እንደተሰቀለ ነው።

ያንን ዘንግ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የግዢ ጥያቄ የአምስት ሰው ፊርማ ይፈልግ ነበር። ሲስተም ገባና አምስቱ ፊርማ አምስት ክሊክ ሆነ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ቢያንስ ይታይ ነበር። አሁን ጥያቄው የት እንደተኛ የሚያውቅ ጠፋ። ከፈራሚዎቹ አንዱን ምን አይተው እንደሚፈርሙ ጠየቅኳቸው። "ከእኔ በፊት ያሉት መፈረማቸውን" አሉኝ። በቅንነት ነው የመለሱልኝ። ጥያቄውን ከልብ የሚመረምሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። ሶፍትዌሩን ለመሥራት ስድስት ሳምንት በቃን። ሦስቱን ፊርማ ለማስቀረት ስምንት ወር ፈጀብን። ፊርማ ክብር ነው፤ የሰውን ክብር መንካት ኮድ ከመጻፍ በጣም ይከብዳል። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ ፕሮጀክቱ ለምን እንደከሸፈ ሲጠየቅ "ሰዎቹ ለውጥ አይወዱም" ብሎ ያልፋል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ሰዎቹን አላየናቸውም ማለት ነው።

ስለ ንግድ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ነው። የኩባንያው መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 ዲጂታል ካሜራ ሠራ። 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። አንዷን ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይወስድበታል። ኮዳክ በጥር 2012 ከዕዳው መከላከያ ፍለጋ ፍርድ ቤት ቀረበ። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ "መጪውን አላዩትም" ይላል። አይተውታል፤ የሠሩትም እነሱ ናቸው። ግን የሚኖሩት ፊልም በመሸጥ ነበር። ተፎካካሪው ፉጂፊልምም በዚያው ፊልም ነበር የሚኖረው። እሱ ግን ስለ ፊልም ኬሚካል ያካበተውን ዕውቀት ይዞ ወደ ሕክምና፣ ወደ ውበት መጠበቂያ፣ ለስክሪን ወደሚያገለግሉ ስስ ሽፋኖች ዞረ። ምርቱ ሲሞት ሠራተኞቹ የሚያውቁት ነገር አብሮ አልሞተም።

ከኮዳክ ይልቅ እኔን የሚመስጠኝ ትንሿ ቪዚካልክ ናት። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 ያወጧት የሒሳብ ሠንጠረዥ ናት፤ የኤክሴል ቅድመ አያት። ከዚያ በፊት የሒሳብ ሰው በትልቅ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሠራ ነበር። አንድ ቁጥር ከተለወጠ ከሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ በላጲስ ይጠፋል፣ እንደገና ይደመራል። በቪዚካልክ ያ ሁሉ የሰከንድ ሥራ ሆነ። ከዚያ ሰው ቀድሞ የማይጠይቀውን መጠየቅ ጀመረ። ዋጋው በአምስት በመቶ ቢጨምርስ? ሁለት ሰው ብንጨምርስ? ጥያቄ ሲረክስ ጠያቂ ይበዛል። በአሜሪካ መዝገብ ላይ የሚጽፉና የሚደምሩ ሠራተኞች ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። የሒሳብ ባለሙያና የፋይናንስ ተንታኝ ቁጥር ደግሞ ጨመረ።

ይህ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማጽናኛ ነው። አንዱ ሥራ ሲጠፋ ሌላው ይመጣል ይባላል። እውነት ነው። ግን ሥራ ያጣው ሰውና ሥራ ያገኘው ሰው አንድ ሰው አይደሉም። አኃዙ ላይ ይተካካሉ። ቤታቸው ውስጥ አይተካኩም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትደምር የኖረች የሃምሳ ዓመት ሴት በማግሥቱ የፋይናንስ ተንታኝ አትሆንም። ስለ ሽግግር የሚያወራ ሰው ሁሉ ይህችን ሴት በዓይነ ሕሊናው እያየ ቢያወራ ደስ ይለኛል።

የኤቲኤም ታሪክም እንዲሁ በግማሹ ነው የሚነገረው። በሰኔ 1967 ባርክሌይስ ባንክ በሰሜን ለንደን፣ ኤንፊልድ ላይ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ተከለ። ገንዘብ ከፋዮች ሊጠፉ ነው ተባለ። ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ቤሰን የአሜሪካን ባንኮች ሲያጠና ግን ሌላ ነገር አገኘ። ማሽኑ አንድን ቅርንጫፍ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ሰው ቀነሰ፤ በከተሞች ከ20 ወደ 13 ገደማ። ቅርንጫፍ መክፈት ስለረከሰ ግን ባንኮቹ ብዙ ቅርንጫፍ ከፈቱ። የከፋዮቹ ጠቅላላ ቁጥር አልወረደም። የቀሩትም ብር ከመቁጠር ይልቅ ከደንበኛ ጋር ማውራት ሥራቸው ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ታሪኩ ግን ቀጥሏል። ባንኩ ስልክ ውስጥ ሲገባ ቅርንጫፍ ራሱ አላስፈለገም። ያኔ የከፋዮች ቁጥር መውረድ ጀመረ። አንድ ቴክኖሎጂ ያዳነውን ሥራ ሌላው ሊወስደው ይችላል። ለዚህ ነው "አትፍሩ" የሚለውንም "አለቀልን" የሚለውንም ተናጋሪ በጥንቃቄ የምሰማው።

ሥራው ሳይጠፋ የሚጠፋ ነገርም አለ። በ1980ዎቹ ሾሻና ዙቦፍ የተባለች ተመራማሪ ኮምፒውተር በገባባቸው የወረቀት ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኞችን አጠናች። እነዚያ ሰዎች ሥራውን በእጃቸው ነበር የሚያውቁት። ለወረቀት የሚሆነውን የላመ እንጨት በመዳፋቸው ይመዝኑታል፣ በጠረኑ ይለዩታል። ማሽኑ ሲታመም ከድምፁ ያውቃሉ። አንድ ቀን መስታወት ወዳለው ክፍል ገቡና ስክሪን ፊት ተቀመጡ። እጃቸው የሚያውቀው ሁሉ ቁጥር ሆኖ መጣ። ብዙዎቹ ቁጥሩን ማመን አቃታቸው፤ ወርደው መንካት አማራቸው።

ይህን ሳነብ ጋሼ ነበሩ ፊቴ የመጡት። የሳቸው ዕውቀት በእጃቸውና በቀይ እርሳሳቸው ውስጥ ነበር። እኛ ዕቃውን መጋዘኑ ውስጥ አስቀርተን፣ ሰውየው የሚያውቀውን አስወጣን።

በሐኪም ቤትም ይታያል። በ2016 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ሐኪሞችን በሥራ ቀናቸው ተከታተለ። ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፉት ለአንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ኮምፒውተር ላይና በጽሕፈት ሥራ ያጠፋሉ። ዲጂታል የሕክምና መዝገብ ሕይወት ያድናል፤ ይህን አልጠራጠርም። ሐኪም የታካሚውን አለርጂ ወዲያው ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ፊቱን ወደ ስክሪን ያዞረ ሐኪም ፊት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የጎደለውን ያውቃል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ።

በብሪታንያ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሲስተም ከ1999 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የገነባው የፉጂትሱ ኩባንያ ነው። በየመንደሩ ያሉ ትንንሽ ፖስታ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ስክሪኑ ጉድለት ማሳየት ጀመረ። ዛሬ ትንሽ፣ በሚቀጥለው ወር ብዙ። ገንዘቡ ካዝና ውስጥ አለ፤ ስክሪኑ ግን ጎድሏል ይላል። በውላቸው መሠረት ጉድለቱን ከኪሳቸው መሙላት ነበረባቸው። ሞሉ። ቤታቸውን አስያዙ። ተበደሩ። ወደ እርዳታ መስመር ሲደውሉ ብዙዎቹ የተነገራቸው ይህ ችግር የገጠመው እርስዎን ብቻ ነው ተብሎ ነው።

እርስዎን ብቻ። ይህ ቃል ሰውን ከውስጥ ይሰብራል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ያንኑ ይሰሙ ነበር፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም።

እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰት ሒሳብ ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ። ጎረቤቶቻቸው ሌባ ያሏቸው አሉ። ሕይወታቸውን ያጠፉም አሉ። ሕጉም አልረዳቸውም። ቀድሞ በእንግሊዝ የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት ነበረበት። ያ ድንጋጌ በ1999 በወጣ ሕግ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ልክ እንደሆነ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ካለ እሱ ያሳይ። አንዲት የፖስታ ቤት ኃላፊ ግዙፍ ሲስተም ውስጥ ያለን ስህተት ከየት ብላ ታሳያለች?

በታኅሣሥ 2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት 555 ሰዎች ባቀረቡት ክስ ሲስተሙ ስህተቶችና ጉድለቶች እንደነበሩበት ወሰነ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። ሲስተሙ ከገባ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል መሆኑ ነው። ይህን ያዩ አንዳንድ ሰዎች "የሶፍትዌር ችግር ነው" ይላሉ። ስህተት የሌለበት ሶፍትዌር የለም። እኔም የሠራኋቸው ሁሉ ስህተት ነበረባቸው። ሰዎቹን የበላቸው ሌላ ነገር ነው። "ስክሪኑ ተሳስቷል" የሚሉበት ቦታ አልተሰጣቸውም ነበር። ጉድለት የሚባል ሳጥን ነበር። ሲስተሙ ዋሽቷል የሚባል ሳጥን አልነበረም።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ሮቦዴት ተብሎ የሚጠራው ነገር ሆነ። መንግሥት ድጎማ ሲያገኙ የነበሩ ሰዎች ያልተገባቸውን ወስደው እንደሆነ በኮምፒውተር ማጣራት ጀመረ። ድጎማው የሚሰላው በየሁለት ሳምንቱ ገቢ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ መረጃ ግን የዓመት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የዓመቱን ገቢ ለ26 እኩል ያካፍላል። ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ወር ሥራ አጥ የነበረ ሰው ዓመቱን ሙሉ እየሠራ ድጎማ የወሰደ መሰለ። ዕዳ አለብህ የሚል ደብዳቤ ደረሰው። የለብኝም ካለ ማስረጃ ማምጣት ያለበት እሱ ነው። ከዓመታት በፊት የነበረውን የደመወዝ ወረቀት ማን ይዞ ይቆያል? በ2020 መንግሥት 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ። በ2023 ጉዳዩን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን ነገሩን በጠንካራ ቃል አወገዘ። ማካፈል የልጆች ሒሳብ ነው፤ ኮምፒውተሩ በትክክል አካፍሏል። የሰው ኑሮ ግን ለ26 እኩል አይካፈልም።

ይህን ሁሉ ስል ኅዳግ ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ የገባሁበት ቢሮ ውስጥ የወረፋ መዝገብ ነበር። ኅዳጉ ላይ ከስሞች ጎን ምልክት አለ። ሲጣራ ምልክቱ የታወቀ ሰው፣ ዘመድ ያለው ሰው ማለት ነበር። ምልክት የሌላቸው ሰዎች ወር ይጠብቃሉ። ወረፋው ወደ ሲስተም ሲገባ ያ ምልክት ቦታ አጣ። ሰው በመጣበት ቅደም ተከተል መስተናገድ ጀመረ። አንዲት እናት ስሟ በተራዋ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ አይታ "እኔን ነው?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። የዚያ ኅዳግ መጥፋት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ጥያቄው ኅዳጉ ይቅር ወይስ አይቅር አይደለም። የትኛው ይለፍ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ማን ይወስናል ነው። ብዙ ጊዜ የሚወስነው እንደ ያኔው እኔ ያለ፣ ሥራውን የማያውቅ፣ የተሰጠውን ሳጥን የሚሞላ ወጣት ነው።

በደንብ የተሠራውንም መጥቀስ አለብኝ። በ2007 ኬንያ ውስጥ የተጀመረው ኤም ፔሳ ሰዎች በተራ የእጅ ስልክ ገንዘብ እንዲላላኩ አደረገ። ስማርት ስልክ አላስፈለገም። የባንክ ደብተር አላስፈለገም። ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት አገልግሎቱ 194,000 ገደማ ቤተሰቦችን ከከፋ ድህነት እንዳወጣ ገምተዋል። ይህ ሲነገር ስልኩ ብቻ ነው የሚወደሰው። እኔ ግን ወኪሎቹን ነው የማየው። በየሰፈሩ ብር ተቀብሎ ወደ ስልክ የሚያስገባ፣ ከስልክ ብር የሚያወጣ ሰው አለ። ያላወቀውን ያሳያል፣ የተሳሳተውን ያርማል። ሲስተሙ ሰው ለሰው ቦታ ትቶ ነበር የተሠራው።

ያ ቦታ ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2024 ባወጣው ግምት ኢንተርኔት የማይጠቀሙ ሰዎች 2.6 ቢሊዮን ነበሩ። አንድ አገልግሎት "በኦንላይን ብቻ" ሲሆን እነዚህ ሰዎች ወረፋው ውስጥ እንኳ የሉም። ኢንተርኔት ካላቸውም መሀል ፓስወርድ የሚያስጨንቀው፣ ዓይኑ የደከመ፣ የስክሪኑን ቋንቋ የማያነብ አለ። መስኮቱ ሲዘጋ ቁጠባው ወጪ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ልጁ ከሥራ እስኪመጣ የሚጠብቀው አዛውንት የትም አይጻፍም።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። እኔም እየተጠቀምኩበት ነው፤ ሥራዬን አቅልሎልኛል። ግን ይህ ነገር የሚማረው ከተጻፈው ነው። ለሃያ ዓመት ወደ ስክሪን ስናስገባ ምን እንደዘለልን አውቃለሁ፤ ከዘላዮቹ አንዱ ነበርኩ። የመጋዘኑን ዳታ ሰጥተን ብንጠይቀው ያ ኩሽኔታ ለትልቁ ማሽን ይሆናል ይለናል። ባማረ ቋንቋ፣ ያለ ማመንታት። ዳታው ውስጥ ሁለቱ ነጥቦች የሉም።

ስለዚህ አሁን አሠራሬን ቀይሬያለሁ። አንድ ስክሪን ከመሥራቴ በፊት ሦስት ቀን ሠራተኛው አጠገብ እቀመጣለሁ። ብዙ አልጠይቅም፤ አያለሁ። በኪስ የተያዘች ማስታወሻ ደብተር አለች? ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች? ከሲስተሙ ውጭ በግል የተያዘ ኤክሴል አለ? አለቆች እነዚህን ሲያዩ ይቆጣሉ፤ ሲስተም እያለ ለምን ይላሉ። እኔ ግን የምፈልገው እሱኑ ነው። ሰው በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳያዘው የሚጽፈው ነገር ሥራው ያለዚያ ስለማይሄድለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ስክሪን ላይ ሁለት ነገር እንዲኖር እከራከራለሁ። አንዱ ባዶ የማስታወሻ ቦታ ነው። ሌላው "ይህ ትክክል አይደለም" የሚል ቁልፍ ነው፤ ሲነካ ስም ያለው፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ጋ የሚደርስ። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ እሸነፋለሁ። ወጪ ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ወጪ ነው።

ያ መጋዘን ዛሬም አለ። አሮጌዎቹ መዝገቦች ሊወገዱ ሲሉ አንዱን ለምኜ ወሰድኩ። መደርደሪያዬ ላይ ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ በስልክ ጋሼን እየጠየቅኩ ትርጉማቸውን ጽፌያለሁ። አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ መስቀል። ቀስቷ ብቻ ቀርታ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ጠየቅኳቸው።

"ቀስት... ቆይ" አሉ። ረጅም ዝምታ። "ጠፋችብኝ። ገጹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ እስቲ።"

ላክሁላቸው። በማግሥቱ ጠዋት የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ድምፃቸው ትንሽ ደክሟል፤ ሲናገሩ ግን ልክ እንደ ድሮው ነው።

"አገኘኋት። ያ ዕቃ ሲያልቅ ከሥሩ የተጻፈው ይተካዋል ማለት ናት። አዲስ መግዛት አያስፈልግም። እዚያ ላለው ልጅ ንገረው።"